ከመሸፈኑ በፊት

ቤት ልሠራ ነው ብሎ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማነሳለት ነገር ሴራሚክ ወይም ኮርኒስ አይደለም። የሚሸፈነውን ነገር ነው የማነሳለት። ቤት ካለቀ በኋላ ዓይን የሚያርፈው ቀለሙ ላይ፣ በሩ ላይ፣ መስኮቱ ላይ ነው። ቤቱን ለልጅ ልጅ የሚያቆየው ግን አፈር ውስጥ፣ ኮንክሪት ውስጥና ልስን ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ለማየት ማፍረስ የግድ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እህቴ ኩዌት ሰው ቤት እየሠራች ባጠራቀመችው ገንዘብ ሰበታ ላይ ቤት ስታሠራ፣ እዚህ ሆኜ የተከታተልኩላት እኔ ነኝ። ያ ገንዘብ እንዴት እንደተገኘ አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይት ላይ ምንም ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። ዲዛይኑን የሠራውን መሐንዲስ ጠየቅኩ፤ ግንበኛውን ጠየቅኩ፤ ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት) የሚያስሩትን ጠየቅኩ። ቤቱ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ነው፤ ትልቅ አይደለም። ከዚያ ሥራ ይዤ የወጣሁት እምነት ይህ ነው፦ ዲዛይን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ከባለቤቱ አይጠበቅም። የሚሸፈነውን ነገር ሳይሸፈን አይቶ ማረጋገጥ ግን ማንም ይችላል። ሚዛን፣ ጠርሙስ፣ ገመድ፣ ሜትርና ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ካለው ይበቃዋል።

ከአፈሩ እንጀምር። ረዘም አድርጌ የምናገረውም ስለ እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ስትወጡ፣ በቃሊቲ፣ በለቡ፣ በሰበታ፣ እስከ በቾ ሜዳ ድረስ መሬቱ በብዛት ጥቁር ነው። ገበሬ ይወደዋል፤ ጤፍና ሽምብራ ያበቅልበታል። ቤት ሠሪ ግን ሊጠነቀቀው ይገባል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥርና በየካቲት ሜዳው ላይ ብትሄዱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። ሐምሌ ላይ ስንጥቁ ጠፍቶ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። መሬቱ በየዓመቱ ይነሳል፣ ይወርዳል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በዚህ አፈር ይበልጥ የሚጎዳው ትልቁ ፎቅ ሳይሆን ትንሹ ቤት ነው። ፎቅ ከባድ ነው፤ መሠረቱም ጠልቆ ይወርዳል። ባለ አንድ ወለል ቤትና የግቢ አጥር ግን ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ አፈሩ ሲያብጥ ያነሳቸዋል። ሲያነሳም እኩል አያነሳም። የቤቱ መሃል ከዝናብም ከፀሐይም የተከለለ ስለሆነ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። ዳር ዳሩ ግን ክረምት ይርሳል፣ በጋ ይደርቃል። ጥጉ ሲነሳና ሲወርድ መሃሉ ባለበት ይቆያል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅ ከዚህ ነው የሚመጣው። እሱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ከአንድ ክረምት አያሳልፍም።

ስለዚህ ዲዛይን ከማሠራታችሁ በፊት፣ ከተቻለም ቦታውን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ፣ ሰው የሚያስገባ፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ። ወጪው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ብቻ ነው። ጥቁሩ አፈር የት እንደሚያልቅና ሌላው ንጣፍ የት እንደሚጀምር በዓይናችሁ ታያላችሁ። መሐንዲሱም መሠረቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ፎቅ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የላቦራቶሪ የአፈር ምርመራ የግድ ነው። “ጎረቤቴ አንድ ሜትር ተኩል ነው የቆፈረው” የሚለው መልስ አይሆንም። አፈር በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ይለያያል።

እኛ ቦታ ላይ ጥቁሩ አፈር ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከሥሩ ጠጠር የቀላቀለ ቡናማ፣ ጠንካራ መሬት ተገኘ። ፉቲንጎቹ፣ ማለትም የምሰሶዎቹ የኮንክሪት እግሮች፣ እዚያ ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ቤቱ ከሚያርፍበት ስፋት ሁሉ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ተጠርጎ ወጣ። የቁፋሮ ሠራተኞቹ አለቃ ይህ አልተዋጠለትም። “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አፈር ለምን ይወጣል? መልሰን እንሙላበት። የገረጋንቲውን ብር ታተርፋላችሁ” አለኝ። ቅን ሰው ነው፤ ሊጠቅመን ፈልጎ ነው። ግን ጥቁሩን አፈር ወለል ሥር መመለስ፣ ወለሉን በየክረምቱ ከሥር የሚገፋ ነገር መቅበር ነው። በሰፈሩ ውስጥ ግድግዳው ደህና ቆሞ፣ መሃል ሳሎኑ አብጦ በር አልዘጋ ያለበት ቤት አይቻለሁ።

ሙሌቱም እንዴት እንደሚሠራ ቆማችሁ እዩት። ገረጋንቲው፣ ማለትም ለሙሌት ከውጭ የሚመጣው የተመረጠ አፈር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በማሽን ይጠቀጠቃል። ከዚያ ሌላ 20 ይጨመራል። አንድ ሜትር ሙሌት በአንዴ ገልብጦ ላይ ላዩን መጠቅጠቅ ሥሩን አይነካውም፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወለሉ ይሰምጣል። ከገረጋንቲው በላይ 25 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሃርድኮር መጣ፣ በሱ ላይ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት። ላስቲኩን “ምን ይሠራል” ብሎ የሚያስቀር አይጠፋም። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ወለሉ ላይ እንዳይደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ሲነጠፍ ጫፍና ጫፉ ይደራረብ፤ የተቀደደም ካለ ኮንክሪቱ ሳይመጣ ይታይ።

የባህር ዛፍ ነገርም እዚህ ይነሳል። ባህር ዛፍ በበጋ ውሃ ከሩቅ ይስባል። ጥቁር አፈር ላይ ከቤት ጥግ አጠገብ ከቆመ ያንን ጥግ ብቻውን ያደርቀዋል፤ ጥጉም ይወርዳል። ቢያንስ በቁመቱ ልክ ከቤቱ ይራቅ። ለጥላ የሚሆን ሌላ ብዙ ዛፍ አለ።

ልኬት ላይ ብዙ አልቆይም። ማዕዘን ለማውጣት ከጥጉ ተነስታችሁ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው በኩል 4 ሜትር ለኩ። ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ገመድ ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ከዚያ የቤቱን ሁለቱን ሰያፎች ለኩ፤ እኩል ካልመጡ ቤቱ ተጣሟል። ከፍታ ደግሞ ውሃ በተሞላ ቱቦ ይታያል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ይህን ማንም ሰው ከሰዓት በኋላ ተምሮ ሊያደርገው ይችላል።

ኮንክሪት ላይ ግን መቆየት አለብኝ።

ኮንክሪት ደርቆ የሚጠነክር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው፤ ያ ውህደት ሳምንታት ይወስዳል። ውሃው ቀድሞ ከተነነ ውህደቱ መንገድ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሲቦካ ውሃ አይበዛበትም፣ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ውሃ አይጠማም። ብዙ ሳይት ላይ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሲቦካ በቱቦ ይለቀቅበታል፤ ከፈሰሰ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ለኮለን (ለምሰሶው) እና ለቢም (ለአግዳሚው) የተለመደው ሲ-25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው ኮንክሪት ነው። ድብልቁ በስፍር 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይገባል፤ ከ7 ከረጢት ትንሽ ይበልጣል። መሐንዲሳችሁ ሌላ ካዘዘ የሱ ይበልጣል። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት በስፍር 35 ሊትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን ደግሞ 36 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በዚህ ሳጥን 2 አሸዋና 3 ጠጠር ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ልኩ ነው። አናጢው ሳጥኑን ወዲያው ይሠራላችኋል። በአካፋ ቁጠራ አትስማሙ። የጠዋት አካፋና ከምሳ በኋላ ያለው አካፋ እኩል አይሞላም። ሳጥኑ ጢም ብሎ ላዩ በጣውላ ይጠረግ።

ውሃው ለአንድ ከረጢት ቢበዛ 25 ሊትር ነው። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይቀነሳል፤ አሸዋው የራሱን ውሃ ይዞ መጥቷልና። ባለ 25 ሊትር ጀሪካን የማይገኝበት ሳይት የለም። አንድ ከረጢት፣ ቢበዛ አንድ ጀሪካን። ከዚህ በላይ በተጨመረ ቁጥር የኮንክሪቱ ጥንካሬ ይወርዳል። የተረፈው ውሃ በኋላ ሲተን ትንንሽ ባዶ ቦታ ትቶ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ለሠራተኞቹ መናገር እፈልጋለሁ። ውሃ የሚጨምሩት ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ቀጠን ያለ ቅልቅል በአካፋ ለማንሳት፣ በባሬላ ለመሸከም፣ ካሳ ፎርማ (ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ሳጥን) ውስጥ ለማፍሰስ ይቀላል። ቀኑን ሙሉ ባሬላ የሚሸከም ሰው ይህን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ቆሞ መጮህም ለውጥ አያመጣም። ኮንክሪት በሚፈስበት ቀን ተጨማሪ ሰው መቅጠርና ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን የሚነዝር ማሽን) መከራየት ነው የሚያዋጣው። ቫይብሬተር ካለ ወፈር ያለው ቅልቅልም በፌሮው መሃል አልፎ ጥጋጥጉ ይገባል። ፎርማው ሲነሳ ጠጠሩ ራቁቱን ወጥቶ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ የሚታይ ኮለን በደንብ ያልተነዘረ ነው። በልስን ከመሸፈኑ በፊት መሐንዲሱ ይየው።

አሸዋ ሌላ ራስ ምታት ነው። ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣው በብዛት ከሞጆ፣ ከመቂና ከላንጋኖ ወገን ነው። አንዱ መኪና ንጹሕ ያመጣል፣ ሌላው ግማሽ አፈር። አፈሩ ሲሚንቶው ጠጠሩን እንዳይዝ ይከለክላል። ለመለየት ግልጽ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ ሙሉ፣ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ንጡት፣ ለጥቂት ሰዓት ተዉት። አሸዋው ከሥር ይተኛል፤ አፈሩ ከላይ። አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላዩ አፈር ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የአገራችን መለኪያ 6 በመቶ ነው። የመኪና ሾፌር ይህን ሁሉ ሰዓት አይጠብቅም። ስለዚህ ናሙናውን ቀደም ብላችሁ ከሻጩ ወስዳችሁ ሞክሩ። መኪናው ሲመጣ ደግሞ ከመራገፉ በፊት ጭብጥ አሸዋ በመዳፋችሁ እሹ። መዳፋችሁን ጭቃ ካደረገው ያው መልሱ ነው። እኛ አንድ ሙሉ መኪና መልሰናል። ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ግን መመለሱ ተገቢ ነበር።

ሲሚንቶ ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ያለውን አንብቡ፤ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል፤ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ (ለፎቅ ወለል) ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ለግንብና ለልስን ጥሩ ነው። ከጣውላ በላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ እብጠት ያለበትን ለኮንክሪት አትጠቀሙበት።

ከዚያ ውሃ ማጠጣቱ ይመጣል። እኔን ብትጠይቁኝ በቤት ሥራ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው ወጪ ይህ ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ ማግስት ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በፒፒሲ የተሠራ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን። ሰበታ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐዩ ይለበልባል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፤ ጠዋት የረጠበው ወለል እኩለ ቀን ላይ ነጭ ይሆናል። ኮለኖቹን በጆንያ ጠቅልሉና ጆንያውን አርጥቡ። ወለሉ ላይ ጆንያ ወይም አሸዋ አልብሳችሁ ላስቲክ ጣሉበት። እሁድ የለም፣ በዓልም የለም። እኛ ከጥበቃው ጋር ተነጋግረን ለዚሁ ሥራ ለብቻው እንከፍለው ነበር፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያጠጣል። ኮንክሪት በ7 ቀን የጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይይዛል፤ ሙሉው የሚለካው በ28 ቀን ነው። በሚፈስበት ቀን 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኪዩብ ናሙና አስወስዳችሁ ላቦራቶሪ ብታስጨምቁት ደግሞ ጥርጣሬው ያልቃል።

ፌሮን በተመለከተ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ፌሮ የሚሸጠው 12 ሜትር ርዝመት ሆኖ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ዘንግ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 8ቱ 4.7፣ ባለ 10ሩ 7.4፣ ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ገደማ። ውፍረቱን በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። ስሙ 12 ሆኖ ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ ከሆነ የገዛችሁት 12 አይደለም። ከመጫኑ በፊት ከክምሩ ውስጥ ጥቂቶቹን አንስታችሁ መዝኑ። ሻጩ ቅር ካለው ሌላ ሻጭ አለ።

ፌሮው ታስሮ ሲያልቅ የማየው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ስታፋው፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ፌሮ ነው። ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ መቅረት የለበትም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮለኑ ሆድ መታጠፍ አለበት፣ 135 ዲግሪ። ኮለኑ ከቢም ጋር በሚገናኝበት ላይና ታች ደግሞ ስታፋዎቹ ይቀራረባሉ። ሁለተኛው ፌሮ ከፌሮ የሚቀጠልበት ነው፤ ለባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደራረብ። ሦስተኛው ፌሮው ከካሳ ፎርማው ጋር መነካካቱ ነው። ፉቲንግ ላይ ከሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ኮለንና ቢም ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ሊለብስ ይገባዋል። ከሲሚንቶ የተሠሩ ትንንሽ ስፔሰሮች ከሥሩ ይገባሉ። ድንጋይ ወይም የእንጨት ቁራጭ መወሸቅ አይሆንም። ኮንክሪት ያልለበሰ ፌሮ ይዝጋል፣ ሲዝግ ይወፍራል፣ ወፍሮም ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል።

ስታፋውን ማጥበቅ ለፎቅ ብቻ የሚመስለው ሰው የስምጥ ሸለቆን ልብ ይበል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ላይም ተሰምቷል፤ ከቤቱ ሮጦ የወጣው ብዙ ነው። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ካራቆሬ ላይ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ይህ ካራቆሬ ሰበታ መንገድ ላይ ያለው ሰፈር ሳይሆን በደሴ መንገድ ያለው ነው። ቤት ሲወዛወዝ ኮለኑን ሰብስቦ የሚይዘው ያ ቀጭን ስታፋ ነው።

ውል ስትጽፉ አንድ መስመር አስገቡ። ቁፋሮ፣ ፌሮና ቧንቧ ታይቶ ሳይፈረም አይሸፈንም የሚል። በእጅ ዋጋ ብቻ ለሚሠራ ሰውም ቢሆን። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ መሐንዲስ መጥራት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እንደኛ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ከፎቶው ጋር ሜትር ይታይ። ፌሮው ላይ ሜትር ተዘርግቶ፣ ቁጥሩ እስኪነበብ ድረስ ቀርቦ የተነሳ ፎቶ። እህቴ በቴሌግራም የምልክላትን ፎቶ እያሰፋች የስታፋውን ርቀት ትቆጥር ነበር፤ አንዴ ከእኔ ቀድማ “ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ሰፍቷል” አለችኝ። ልክ ነበረች። ጠዋት ሠራተኞቹ ጨመሩበት። ገንዘብ ልኮ “አለቀ ወይ?” ብቻ ከመጠየቅ ይህ በጣም ይሻላል፤ እዚህ ያለውን ዘመድም ከሐሜት ያድነዋል።

ብሎኬት ላይ አጠር ላድርገው። ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 13 ያህል ይበቃል። ጠርዙን በምስማር ስትፍቁት እንደ አሸዋ የሚረግፈውን አትቀበሉ። የተመረተበትን ቦታ ሄዳችሁ ውሃ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብሎኬትም ኮንክሪት ነው።

ልስን ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪኩ ይግባ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ የተለመደ ነው። የእኛ አገር ቤት ግን ምጣድ አለው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ነው። ይህን ከፍሪጅና ከሳሎን ሶኬት ጋር በአንድ መስመር መጫን ገመዱን ያግለዋል፤ ስንት ግድግዳ ከውስጥ የጠቆረው በዚህ ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የሚነሳ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው። ይህን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። እናቶቻችንና እህቶቻችን እርጥብ እጃቸውን ይዘው የሚቆሙበት ቦታ ነው፤ በዚህ ላይ ብር አይቆጠብም።

ቧንቧውን ደግሞ ልስኑ ሳይመጣ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። የሚያንጠባጥብ ካለ ጠዋት ይታያል። ከመሸፈኑ በፊትም እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንሱ። ወደፊት መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ስትበሱ ገመዱና ቧንቧው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

የፍሳሹ ነገር ወደ አፈሩ ይመልሰናል። የመጸዳጃው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ይሂድ፤ በታጠፈ ቁጥር ማንሆል ይኑረው። ሴፕቲክ ታንኩ ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጎረቤትም ጉድጓድ ይቆጠራል። ጥቁር አፈር ደግሞ ውሃ አያሰርግም። ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበትና ምን ያህል እንደሚወርድ እዩ። አልወርድ ካለ ማስረጊያው ከጥቁሩ አፈር አልፎ መውረድ አለበት፤ ካልሆነም ታንኩ የማያሰርግ ተደርጎ ሰፋ ብሎ ይሠራና በመኪና ይመጠጣል። ሁሉም ከመሠረቱ ይራቅ። ከቤት ጥግ ሥር የሚያሰርግ ፍሳሽ ያንን ጥግ በበጋም በክረምትም ያሳብጠዋል።

የጣሪያ ውሃም እንደዚሁ ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ፤ 32 ቁጥር ከ28 ቁጥር የሳሳ ነው። ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሸንዳው ነው። የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ዝናብ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ 120,000 ሊትር ይሆናል፤ አብዛኛው ደግሞ በክረምት ወራት ነው የሚወርደው። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ ውሃ ከክፈፉ ሥር፣ መሠረቱ አጠገብ ይፈሳል። ያን ያህል ተቆፍሮ፣ ያን ያህል ገረጋንቲ ተሞልቶ፣ መጨረሻ ላይ ውሃውን ወደ ጥግ መልቀቅ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ አሸንዳ ጌጥ አይደለም፤ የመሠረቱ ሥራ አካል ነው። ዙሪያውንም ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ይሠራ። ውሃው በቱቦ ወደ ሮቶ ቢገባ ደግሞ ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ለልብስና ለመጸዳጃ ይሆናል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ስለሚመዝን ማረፊያውን መሐንዲሱ ያስላው።

እኛም መጨረሻ ላይ ብር አጥሮን ነበር። የሳሎኑ ቀለምና የውጭ ግድግዳው ቀለም በአንድ በኩል፣ አሸንዳውና የዙሪያው ንጣፍ በሌላ በኩል። እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ቤቱ ተቀብቶ እንዲጠብቃት ትፈልግ ነበር፤ እኔም ፈልጌው ነበር። በስልክ ተነጋገርንና አሸንዳውን አስቀደምን። ከግንቦት መጨረሻ በፊት ተሰቀለ፤ ንጣፉም ዞረ። ቀለሙ ለመስከረም ተላልፏል።